ከፊት ጎማ የሚመጣ ድምፅ፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ምንጩን እንዴት ታገኙታላችሁ

ጎንደር ላይ መኪና ለሚነዳ ሰው የፊት እግር ድምፅ ብርቁ አይደለም። ኮብልስቶኑም፣ ዳገት ቁልቁለቱም፣ ከከተማ ሲወጡ የሚጠብቀው ጠጠርም መጀመሪያ የሚያርፈው የፊት ጎማ ላይ ነው። ድምፁ ሲመጣ የምናደርገውም ያው ነው። ጋራዥ እንወስደዋለን። አንድ ሰው ጎማውን ሁለቴ ነቅነቅ ያደርግና "ኩሽኔታ ነው" ይላል፤ ጎማው ያለ ፍጭት እንዲዞር የሚያደርገው ክፍል ማለቱ ነው። ይገዛል፣ ይቀየራል። በማግስቱ ያው ድምፅ።

እኔም ደርሶብኛል። ከደባርቅ ስመለስ ኮሮላዬ በ60 ላይ እንደ ሩቅ ወፍጮ ማጉረምረም ጀመረ። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። የቀኙ ኩሽኔታ ተቀየረ፣ ድምፁ አልጠፋም። የግራውም ተቀየረ፣ አልጠፋም። ምንጩን ያገኘሁት አንድ ቀን ጎማው ላይ መዳፌን ሳሳልፍ ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ ስዳብሰው ልስልስ ይላል፣ ስመልሰው እንደ መጋዝ ጥርስ ይቧጥጣል። የሚጮኸው ጎማው ራሱ ነበር። ሁለት ደህና ኩሽኔታ በከንቱ ተጥሏል።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተል ይዤ ነው የምሠራው። ከዚህ በታች ያለውም እሱ ነው። አትዝለሉ፤ በተለይ ሁለተኛውን ደረጃ።

ከሁሉም በፊት፦ እነዚህን ካያችሁ አትንዱ

ቀጥሎ ካሉት አንዱ ካለ ምርመራውን ተዉት። መኪናውን ባለበት አቁሙና መካኒክ ጥሩ።

- መሪው በእጃችሁ እየተንቀጠቀጠ ከፊት ጓ ጓ የሚል ድምፅ ካለ። ብዙ ጊዜ ጎማውን አጥብቆ የሚይዘው ዳዶ ላልቶ ነው። ጎማው ወልቆ ሊሄድ ይችላል።
- ፍሬን ስትይዙ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ካለ፣ ወይም ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ።
- መሪው በድንገት ከላላ ወይም መኪናው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ።
- ከአንድ ጎማ የሚያቃጥል ሽታ ወይም ጭስ ከመጣ።
- ጎማው ጎን ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ ነገር ካለ።

የመጀመሪያው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጎማ አስጠግናችሁ ከጎሚስታ እንደወጣችሁ የጀመረ ድምፅ ከሆነ ሌላ ምንም ሳታስቡ ቁሙና ዳዶዎቹን አጥብቁ። ከሁሉም ርካሹ ምክንያት እሱ ነው፤ ከሁሉም አደገኛውም እሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

1. ሰው ያዙ። አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ያዳምጣል። ብቻችሁን እየነዳችሁ ለማዳመጥ አትሞክሩ።

2. መኪናውን ባዶ አድርጉ። በበሩ ኪስ ያለች ሳንቲም፣ ከወንበር ሥር የምትንከባለል የላስቲክ ጠርሙስ፣ ከኋላ በደንብ ያልታሰረ ክሪክ፣ ሁሉም የእግር ድምፅ መስለው ያታልላሉ። የቸርኬው (ጎማው የለበሰበት ብረት) ፕላስቲክ ክዳን ካለም አውልቁት። ክዳኑ ራሱ ስንቱን ጋራዥ አስኪዷል።

3. የጎማውን ነፋስ በቀዝቃዛው ለኩ። ልኩ በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ነፋስ ያነሰው ጎማ ይጮኻል፣ ሲታጠፍም ያፏጫል። መጀመሪያ አስተካክሉና ከዚያ ሞክሩ።

4. ዕቃ አዘጋጁ፦ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ አራት ታኮ (ጎማ እንዳይንከባለል የሚደረግ ማገጃ)፣ መኪናውን የሚደግፍ ማቆሚያ ብረት፣ የእጅ ባትሪ፣ ወፍራም ጓንት፣ ረጅም ካቻቪቴ፣ ጠመኔ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ።

5. ሰዓት ምረጡ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ባጃጁ ገና አልበዛም፣ ጆሯችሁም አይረበሽም።

6. ሦስት ዓይነት ቦታ ያስፈልጋችኋል። አንደኛው ሜዳ አስፋልት ነው። ከአዘዞ ወዲያ ወደ ጠዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ሁለተኛው ኮብልስቶን ነው፣ እሱማ ሰፈራችሁ ውስጥ አለ። ሦስተኛው ክብ የምትሠሩበት ባዶ ሜዳ ነው። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ከሆነ ሳይመጡ ሂዱ።

ደረጃ 2፦ በመንዳት መለየት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድምፁን "ሰማሁት" ብሎ ይተወዋል። እናንተ ግን መቼ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ ምን እንደሚያብሰው ጻፉ። ሬዲዮና ኤሲ አጥፉ። መስኮቱን አንዴ ከፍታችሁ፣ አንዴ ዘግታችሁ ሞክሩ።

*ሀ. ቆማችሁ ነዳጅ ስጡ።* መኪናው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ፎሌ (ነፃ) ላይ ሆኖ ሞተሩን ከፍ አድርጉት። ድምፁ ከመጣ ጉዳዩ የጎማ አይደለም። ሞተር ወይም ቺንጊያ (የሞተሩ ቀበቶ) ነው። እዚህ ላይ መመሪያው አይመለከታችሁም።

*ለ. ሜዳ ላይ ቀስ ብላችሁ ከ20 እስከ 60 ውጡ።* ድምፁ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ከፈጠነ ከሚዞር ነገር ነው፦ ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ የፍሬን ዲስክ ወይም ጆይንት (የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው መገጣጠሚያ)። ጢቅ ጢቅ እያለ ከጎማው ዙር ጋር ከሄደ ቁሙና የጎማውን ጥርስ እዩ። ምስማር ወይም በጥርሶቹ መሃል የተሰነቀረ ጠጠር ታገኙ ይሆናል። ጠጠሩን በካቻቪቴ አውጡ። ምስማሩን ግን መንገድ ላይ አትንቀሉት፤ ነፋሱ ሊወጣ ይችላል። ቀስ ብላችሁ ጎሚስታ ድረስ ሂዱ።

*ሐ. መንገዱን ቀይሩ።* ልስልስ አስፋልት ላይ የሚጮኸው ሻካራ መንገድ ላይ ቃናው ከተለወጠ ወይም ከጠፋ ጎማውን ጠርጥሩ። የኩሽኔታ ጉርምርምታ ግን መንገድ አይመርጥም። አስፋልትም ላይ፣ ጥርጊያም ላይ ያው ነው። የእኔን ኮሮላ መጀመሪያ እንዲህ ብፈትሸው ኖሮ ሁለት ኩሽኔታ አልገዛም ነበር።

*መ. በ40 ገደማ ቀስ ብላችሁ መሪውን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጉ።* ባዶ መንገድ ላይ ብቻ። ወደ ግራ ስትሄዱ የመኪናው ክብደት ቀኙ ጎማ ላይ ይወድቃል። ጉርምርምታው ያኔ ከባሰ የቀኙን ኩሽኔታ ጠርጥሩ። ወደ ቀኝ ስትሄዱ ከባሰ የግራውን። ይህን ጻፉት፤ በኋላ ክሪክ ስታቆሙ ከየትኛው እንደምትጀምሩ የሚነግራችሁ ይህ ነው።

*ሠ. ፍሬን።* በ30 እየሄዳችሁ ፔዳሉን በስሱ ንኩት። ሲጢጥ ሲል የነበረው ፍሬን ስትነኩ ጸጥ ካለ የፍሬን ሸራው (ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው) ሊያልቅ ነው፤ ሸራው ላይ ያለችው ማስጠንቀቂያ ቆርቆሮ ዲስኩን መላስ ጀምራለች። ወይም ሸራው ቦታው ላይ ላልቶ ይንቀጠቀጣል። ድምፁ ፍሬን ስትይዙ ብቻ ከመጣና ገርገር የሚል ከሆነ ሸራው አልቆ ብረቱ ዲስኩን እየበላው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ሙከራውን አቁሙ።

በሐምሌና በነሐሴ ግን ተጠንቀቁ። ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ ዲስኩ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል። ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፍሬኖች ፍጭት ፍጭት ይላል፣ ከዚያ ይጠፋል። እሱ በሽታ አይደለም። ለዚህ ብሎ ሸራ የለወጠ ሰው አውቃለሁ።

*ረ. ባዶው ሜዳ ላይ መሪውን ሙሉ አዙሩና ቀስ ብላችሁ ክብ ሥሩ።* በአንደኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ትንሽ ሰጥታችሁ፣ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ብሎ ከፍጥነቱ ጋር የሚሄድ ድምፅ ከሰማችሁ የውጪው ጆይንት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ከክቡ ውጭ ያለው ጎማ ጆይንት ነው። ይህ የሚመለከተው በፊት ጎማ የሚጎተቱትን ነው፤ እንደ ቪትዝና ያሪስ ያሉትን። የኋላ ጎማ የሚገፋው ሚኒባስ ከሆነ የፊት ጆይንት የለውምና ይህን እለፉት።

*ሰ. ብሬከር (የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ)።* በ10 ገደማ አንዱን ጎማ ብቻ አሳልፉ፣ ሌላው በሜዳው ይሂድ። ከዚያ በሌላው ጎማ ድገሙት። በመጨረሻም ሁለቱንም አንድ ላይ አሳልፉ። አንድ በአንድ ሲያልፉ ቋ ቋ ብሎ ሁለቱም አብረው ሲያልፉ ከቀነሰ የስታብላይዘሩን (መኪናው እንዳያዘነብል የሚይዘው ዘንግ) ሊንክ ጠርጥሩ። በሁሉም ላይ ካለ የብራቾው (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒ ማለትም ላስቲኩ፣ ቴስቲና (ኳስ መሳዩ መገጣጠሚያ) ወይም የሾክ አብዞርበሩ (ንጠቱን የሚያበርደው) የላይኛው መቀመጫ ሊሆን ይችላል።

*ሸ. ቆማችሁ መሪውን ብቻ አዙሩ።* ሞተሩ ይሥራ፣ መኪናው ይቁም። ረዳታችሁ መሪውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዞር እናንተ ከጎን ቆማችሁ አዳምጡ። እንደ አሮጌ በር የሚሲጥ ከሆነ የደረቀ ቴስቲና ወይም የሾክ አብዞርበሩ የላይኛው ኩሽኔታ ነው። መዳፋችሁን የሞላው ጠመዝማዛ ላይ በስሱ አሳርፉ። ሞላው በድንገት ዘለል ሲል ከተሰማችሁ ከላይ ነው። ጣታችሁን በጠመዝማዛው መሃል እንዳታስገቡ።

ጆሮ የሚያታልልበት ነገር

ጎረቤቴ የድሮ ሾፌር ናቸው። አንድ ቀን መኪናቸው ከቀኝ ይጮኻል ብለው ጠሩኝ።

"ጋሼ፣ እስቲ አንቱ ይንዱ፣ እኔ ላዳምጥ" አልኳቸው።

"ምን ማዳመጥ ያሻዋል ልጄ፣ ከዚህ ከቀኝ ነው። 30 ዓመት ነድቻለሁ!"

ነዱ። እኔ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ለእኔ ደግሞ ከግራ መሰለኝ። ሁለታችንም ከራሳችን ራቅ ያለው በኩል ይመስለን ነበር። ከዚያ ረጅም የድንጋይ አጥር ባለበት መንገድ፣ መስኮት ከፍተን፣ አጥሩን በቀኝ አድርገን አለፍን። ተመልሰን በግራ አድርገን አለፍን። አጥሩ ድምፁን መልሶ ይሰጣችኋል። አጥሩ በግራ ሲሆን ነበር የጎላው። ግራው ነበር።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። በ20 አትለፉ፣ እግረኛ በሌለበት። የሰማችሁትን ጎን በብረቱ በኩል ተላልፎ የመጣ ድምፅ ሊያሳስታችሁ ስለሚችል እስክታረጋግጡ አትማሉበት።

ደረጃ 3፦ ሳታነሱ ማየት

1. ከ10 ደቂቃ መንዳት በኋላ ሜዳ ላይ ቁሙ። ፍሬን ሳታበዙ መጥታችሁ መሆን አለበት፤ ከጎሃ ተራራ ቁልቁል ወርዳችሁ ከሆነ ሁሉም ይግላልና ምንም አይነግራችሁም። መዳፋችሁን ሳታስነኩ ወደ ቸርኬው አስጠጉ። አንደኛው ከሌላው እጅግ ከጋለ ፍሬኑ ይዞ አልለቅም ብሏል ወይም ኩሽኔታው እየተቃጠለ ነው።

2. የጋለውን ዲስክ ውሃ አታፍሱበት። ሊማሊሞን ወይም ሌላ ረጅም ቁልቁለት ወርዶ ቀጥ ብሎ ላቫጆ የሚገባ ሰው አለ። የጋለ ዲስክ በቀዝቃዛ ውሃ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ከዚያ በኋላ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል።

3. ጎማውን በመዳፍ ዳብሱት። ጓንት አድርጉ፣ የተላጠ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያም በዙሪያው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚቧጥጥ ከሆነ፣ ወይም እዚህ ጉድጓድ እዚያ ጉብታ ካለ፣ ጉርምርምታው ከጎማው ነው። መንስኤው የአላይመንት (የጎማዎቹ አቀማመጥ ልክ) መዛባት ወይም የደከመ ሾክ አብዞርበር ሊሆን ይችላል። እሱን ሳታስተካክሉ አዲስ ጎማ ብትገዙ አዲሱም እንዲሁ ይበላል።

4. መሪውን ሙሉ አዙሩና በባትሪ ከጎማው ጀርባ እዩ። የጆይንቱ ላስቲክ ተቀድዶ ከሆነ ጥቁር ግሪስ የቸርኬውን ውስጥ ረጭቶት ታያላችሁ።

5. በፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ) ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ በእጃችሁ ግፉት። ብሎኑ ወልቆ ጎማው ላይ የሚነካ ከሆነ የጎማው ጥርስ የጠረገው ልስልስ መስመር አለበት። በሽቦ አታስሩት፤ ብሎኑን መልሱ።

ደረጃ 4፦ አንሥቶ መፈተሽ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ዳገት ላይ ክሪክ አታቁሙ። ቤታችሁ ተዳፋት ላይ ከሆነ፣ እዚህ አገር ደግሞ ብዙው ቤት ተዳፋት ላይ ነው፣ መኪናውን ሜዳ ድረስ ውሰዱት። ድንጋይ ከድንጋይ ላይ ደርድራችሁ ክሪክ አታሳርፉ። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ሰፊ ሳንቃ ከሥሩ አድርጉ።

1. የእጅ ፍሬኑን ያዙ። ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በታኮ ከፊትም ከኋላም ዝጉ።

2. ክሪኩ ከመነሣቱ በፊት ዳዶዎቹን ሩብ ዙር ብቻ አላሉ። ካነሣችሁ በኋላ ብትታገሉ መኪናው ከክሪኩ ሊወርድ ይችላል።

3. ክሪኩን በትክክለኛው ቦታ አሳርፉ። ከፊት ጎማው ኋላ፣ በበሩ ግርጌ ባለው የብረት ጠርዝ ላይ ሁለት ትንንሽ ቁርጥ ምልክቶች ይኖራሉ። በመሃላቸው ነው።

4. ጎማው ከመሬት ሦስት ጣት ያህል ሲነሣ ማቆሚያውን ብረት አስገቡ። ዳዶዎቹን መልሳችሁ በመጠኑ አጥብቁ፣ መኪናው ሲወርድ ደግሞ በሙሉ ኃይል። ማቆሚያ ብረት ከሌላችሁ ቀጥሎ ያለውን ከጎን ሆናችሁ ብቻ ሥሩ። ገላችሁ ከመኪናው ሥር እንዳይገባ።

5. ማርሹን ፎሌ አድርጉ። በማርሽ ወይም በፒ ላይ ካለ የተነሣው ጎማ አይዞርላችሁም። አሁን መኪናውን የያዘው የእጅ ፍሬኑና ታኮው ብቻ ነው። ስለዚህ ታኮውን እንደገና እዩት። ሞተር አስነሥታችሁ ጎማ አታዙሩ።

*ላይና ታች ነቅንቁ።* አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች፤ እየገፋችሁና እየሳባችሁ። ጠቅ ጠቅ ካለ ረዳታችሁ ፍሬን እንዲይዝ ንገሩትና እንደገና ነቅንቁ። ፍሬን ሲያዝ ጨዋታው (መላወሱ) ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ፍሬን ተይዞም ካለ የብራቾው ቴስቲና ነው። ይህን ትንሽ ነገር ብዙ ሰው አያደርገውም። ሁለቱን የሚለያቸው ግን እሱ ነው።

*ግራና ቀኝ ነቅንቁ።* ጨዋታው በዚህ በኩል ብቻ ካለ የመሪው ቴስቲና ነው። በሁለቱም በኩል ካለ ወደ ኩሽኔታው ተመለሱ።

*አዙሩት።* አንድ እጃችሁን የሞላው ጠመዝማዛ ላይ አሳርፉ፣ በሌላው ጎማውን በፍጥነት አዙሩ። ደህና ኩሽኔታ በእጃችሁ ላይ ምንም አይሰማም። የተበላው ግን ጥራጥሬ በወንፊት ሲነፋ እንደሚሰማው ይርገበገባል። ከዚያ ወደ ሌላው ጎማ ሄዳችሁ አወዳድሩ። ብቻውን የተፈተሸ ጎማ አያስተማምንም።

ጎማው ሲዞር አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሽው ካለ አትደንግጡ። ሸራው ዲስኩን በስሱ መንካቱ የተለመደ ነው።

*ምንም ካላገኛችሁስ?* ኩሽኔታ መጮህ ሲጀምር ገና ጨዋታ ላይኖረው ይችላል። ጎማው ቀጥ ብሎ ቆሟል ማለት ኩሽኔታው ደህና ነው ማለት አይደለም። በደረጃ 2 የጻፋችሁትን እዩ። መሪ ስታዘነብሉ የሚብስ ከሆነና መንገድ የማይለውጠው ከሆነ፣ ጨዋታ ባይኖርም ኩሽኔታ ነው። ያልተረጋገጠላችሁ ከሆነ የፊቱን ጎማ በዚያው ጎን ካለው የኋላ ጎማ ጋር አቀያይሩና ንዱ። ድምፁ ወደ ኋላ ከሄደ ወይም ቃናው ከተለወጠ ጎማ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ጎማው ነፃ ነው።

ደረጃ 5፦ ጎማውን አውልቆ ማየት

ማቆሚያ ብረት ሳይኖር ጎማ አታውልቁ። ያወለቃችሁትን ጎማ ከመኪናው ሥር አጋድሙት፣ ክሪኩ ቢከዳ እሱ ይይዘዋል። ከማውለቃችሁ በፊት አንዱን ብሎንና ከፊቱ ያለውን ቸርኬ በጠመኔ አመልክቱ፣ ስትመልሱ እዚያው እንዲገባ።

መጀመሪያ ሸራውን እዩ። አዲስ ሸራ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ከቀረው ለመቀየር ተዘጋጁ። የውስጠኛውንም እዩ። ከውጭ ያለው ወፍራም ሆኖ ከውስጥ ያለው ያለቀበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን የሚይዘው ክፍል) የሚንሸራተትበት ፒን ሲደርቅ እንዲያ ይሆናል። ፒኑ ካልተጸዳና ካልተቀባ አዲሱ ሸራም በቶሎ ያልቃል። ሸራ ሲቀየር ግራና ቀኙ አንድ ላይ ነው።

ቀጥሎ ከዲስኩ ጀርባ ያለውን ስስ ቆርቆሮ እዩ። ወደ ገጠር ወጥታችሁ ስትመለሱ በድንገት የጀመረ፣ ጆሮ የሚበሳ የብረት ፍጭት ከሆነ ግማሹን ጊዜ መልሱ እዚህ ነው። የጎረቤቴ የጋሼ መኪናም ያለቀችው እዚሁ ላይ ነው። ከዲስኩና ከቆርቆሮው መሃል የሽምብራ ፍሬ የምታክል ጠጠር ተሸጉጣ ነበር። በካቻቪቴ ቆርቆሮውን ወደ ኋላ ሳብ ሳደርገው ወደቀች። አንሥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኳት። አንደኛው ጎኗ ጥቁር ሻካራ፣ ዲስኩ ያሻሸው ጎኗ እንደ መስታወት ያበራል። ጋሼ እያገላበጡ አዩአትና በኪሳቸው ከተቷት።

ጠጠር ከጠረጠራችሁ ጎማ ከማውለቃችሁ በፊት ባዶ ሜዳ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ጥቂት ወደ ፊት ሂዱ። ብዙ ጊዜ ራሷ ትወድቃለች። ካልወደቀች ብቻ አውልቁ። ቆርቆሮውን ስትስቡ በጥቂቱ ይሁን። ከልክ በላይ ካጣመማችሁት ራሱ ዲስኩን እየነካ አዲስ ድምፅ ይወልዳል። እንዲያ ከሆነ ዲስኩን በእጃችሁ እያዞራችሁ የሚነካበትን ቦታ ፈልጉና በጣታችሁ መልሱት።

ደረጃ 6፦ ጎማውን መመለስ

የዳዶው አጠባበቅ ዝም ብሎ በዙሪያው አይደለም። አንዱን አጥብቃችሁ ቀጥሎ ከፊት ለፊቱ ያለውን ያዙ፣ እንዲሁ እየተሻገራችሁ። ጎማው በአየር ላይ ሳለ በእጅና በመጠኑ፣ መሬት ሲነካ በሙሉ ኃይል። እንደ ቪትዝና ኮሮላ ባሉ ትንንሽ ቶዮታዎች ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ቁልፍ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ በዚያ አስጠብቁ። መፍቻው ላይ በእግር ቆሞ መዝለል ብሎኑን ይቆርጠዋል። ዳዶው ጥርስ ላይ ግሪስ ወይም ዘይት አትቀቡ።

ፍሬኑን ከነካካችሁ ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡት፣ እስኪጠነክር ድረስ። ካሊፐር ተገፍቶ ከሆነ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው። በኛ ቁልቁለት ላይ ይህን መርሳት ሕይወት ያስከፍላል።

ደረጃ 7፦ ጋራዥ ስትሄዱ

"ኩሽኔታ ቀይሩልኝ" አትበሉ። ያገኛችሁትን ንገሩ። ለምሳሌ፦ "ከ40 በላይ ያጉረመርማል፣ ወደ ግራ ሳዘነብል ይብሳል፣ አስፋልት ሆነ ኮብልስቶን አይለውጠውም፣ ፍሬን አይነካውም፣ ላይና ታች ስነቀንቀው ጨዋታ አለው።" እንዲህ የተነገረው መካኒክ ወደ ቀኙ ኩሽኔታ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጥሩ መካኒክ ደስ ይለዋል። የማይሰማችሁ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ኩሽኔታ ከሆነ አስቀድማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በፕሬስ ነው ወይስ በመዶሻ የምታስገቡት? በመዶሻ የተመታ አዲስ ኩሽኔታ ገና ሳይዞር ውስጡ ይቆስላል፤ ብዙም ሳይቆይ ይጮኻል። "አዲስ አስገባሁ፣ ወዲያው ተበላ" የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። አሮጌ ፒክአፕና አንዳንድ ሚኒባስ ግን ግሪስ ተሞልቶ የሚስተካከል ዓይነት ኩሽኔታ አላቸው። እነሱን ከመቀየር በፊት አስከፍታችሁ አሳዩ፤ ታጥቦ፣ አዲስ ግሪስ ገብቶለትና ተስተካክሎ የሚድን አለ።

ዕቃ ስትገዙ የወጣውን ይዛችሁ ሂዱ። ኩሽኔታው ጠርዝ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አስተያዩ። በዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ኩሽኔታዎች በቁጥር ሊለያዩ ይችላሉ።

የወጣውን ዕቃ ለማየት ጠይቁ፣ በእጃችሁም አዙሩት። ልስልስ ብሎ ከዞረና ጨዋታ ከሌለው የተቀየረው ያለ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ቴስቲና ወይም ብራቾ ከተነካ ከዚያ በኋላ አላይመንት የግድ ነው። ካልተሠራ ጎማው ይበላል፤ እኔ ወደ ጀመርኩበት ጉርምርምታ ትመለሳላችሁ።

ደረጃ 8፦ እንደገና መሞከር

ከሥራው በኋላ ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ፍጥነት ንዱት። ወረቀቱን ያዙ። ድምፁ ጨርሶ ከጠፋ ጥሩ። ቀንሶ ግን ካለ ሁለት ምንጭ ነበረው ማለት ነው፤ በአሮጌ መኪና ላይ ይህ የተለመደ ነው። ከደረጃ 2 ጀምሩ፣ አሁን አንዱን ስላስወገዳችሁ ሌላው ጎልቶ ይሰማል። ምንም ካልቀነሰ ተጨማሪ ዕቃ አትግዙ። ወደ ጋራዡ ተመለሱና መካኒኩ አብሯችሁ ተቀምጦ እንዲነዳ ጠይቁት፣ እናንተ ደግሞ ከኋላ ተቀምጣችሁ አዳምጡ።

ጎማ ከወለቀ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ፈትሹ። ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ ደርሳችሁ ከተመለሳችሁ ያ ርቀት ሞልቷል። ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ በመፍቻ፣ አንድ በአንድ።